አያ ጅቦ ከድንበሩ ማዶ፦ «ዘ ላየን ኪንግ»ን እንደገና ማየት

«ዘ ላየን ኪንግ» ውስጥ አንድም ሰው የለም። የእንስሳት ፊልም ነውና ይሄ ማንንም አይገርምም። እኔን ግን ፊልሙን ለብቻው ማየት ትቼ ከወንድምና ከእህቶቹ መሐል አስቀምጬ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ እየገረመኝ መጥቷል።

ሰልፉን እስቲ እዩት (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዲዝኒ በ1991 «ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት»ን ሲሠራ ፈረንሳይ ሄደ፤ ፈረንሳዮችን አገኘ። በ1992 «አላዲን»ን ሲሠራ በምናብ የተፈጠረች የአረብ ከተማ ውስጥ ገባ፤ አሳሳላቸው ብዙ ቅሬታ ቢያስነሳም ሰዎች ነበሩባት። በ1995 «ፖካሆንታስ» መጣች፣ በ1998 «ሙላን»። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችም ቻይናም ሰው ደረሳቸው። በመሐሉ፣ በ1994፣ የአፍሪካ ተራ ሆነ። ለአፍሪካ የደረሳት አንበሳ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ዲዝኒ በ«ታርዛን» ወደ አፍሪካ ተመለሰ። እዚያ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ነጮች ናቸው። አፍሪካ ጫካ ውስጥ በሚካሄድ ፊልም ላይ አንድ ጥቁር ሰው እንኳ ብቅ አይልም። የስቱዲዮው የመጀመሪያ ጥቁር ልዕልት ቲያና እስከ 2009 መጠበቅ ነበረባት፤ እሷም ብትሆን የፊልሙን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፈችው እንቁራሪት ሆና ነው።

ፊልሙን እወደዋለሁ። ሙፋሳ ከገደሉ ሲወድቅ ዛሬም ጉሮሮዬን ያንቀኛል። ክርክሬ ግን ይሄ ነው፦ ሰው የለበትም የምንለው ፊልም በሰው የተሞላ ነው። ሰዎቹ ያሉት በድምፃቸው፣ በስማቸው፣ በሚኖሩበት ሰፈር ነው። ስለ ውክልና ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው በዓይን የሚታየውን ነው፤ ስንት ጥቁር አለ፣ ስንት ሴት አለች። ይህ ፊልም ግን መቁጠር ብቻውን የማይደርስበትን ነገር ያሳያል። ማን አለ ከሚለው በላይ፣ ያለው የት ተቀምጧል የሚለው ነው ወሳኙ።

ባዶው መሬት

የፊልሙ ባለሙያዎች ከመሳላቸው በፊት ኬንያ ሄደው ነበር። ሄልስ ጌት የሚባለውን ብሔራዊ ፓርክ አይተዋል፤ ገደሉና ድንጋዩ ፊልሙ ውስጥ ገብቷል። ሄልስ ጌት የሚገኘው ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ያው የእኛኑ ዝዋይና ላንጋኖ ይዞ ወደ ደቡብ የሚዘልቀው ሸለቆ ማለት ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሲጀምር የምትወጣዋ ፀሐይ ለእኛ ባዳ አይደለችም። ግራሩን እናውቀዋለን፣ አቧራውን እናውቀዋለን፣ ዝናብ ሲያረግዝ የሚጠቁረውን ሰማይ እናውቀዋለን።

የማናውቀው ባዶነቱን ነው። በስምጥ ሸለቆ ግራር ባለበት ከሥሩ ከብት አለ፤ ከብት ባለበት ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ የቆመ እረኛ አለ። ከእረኛው ጀርባ ደግሞ የምትወርድ ውኃ ቀጂ፣ ጭስ የሚወጣበት ጎጆ፣ የሚጮህ ውሻ አለ። ሰው የሌለበት ሜዳ ራሱ ተፈጥሯዊ አይደለም፤ ሰው የሠራው ነው። ሴሬንጌቲን ውሰዱ። ዓለም ሁሉ «ያልተነካ ዱር» ብሎ የሚያውቀው ይህ ሜዳ ማሳዮች ከብት ያግዱበት ነበር። በ1959፣ በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን፣ ከፓርኩ ክልል እንዲወጡ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ነው ካሜራው መጥቶ «ማንም የለም» ያለው።

ፊልሙ ይህን ታሪክ አልፈጠረውም፤ ወረሰው እንጂ። ግን የወረሰው በጣም በተለየ ጊዜ ላይ ነው። በመላው አሜሪካ ለእይታ የበቃው ጁን 1994 ነው። ከሁለት ወር በፊት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁሮች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፈው ድምፅ ሰጥተዋል። በዚያው ጁን ደግሞ ሩዋንዳ ውስጥ የዘር ማጥፋቱ እየተካሄደ ነበር፤ ሬዲዮው ቱትሲዎችን «ኢንየንዚ» ይላቸዋል፣ በረሮ ማለት ነው። እንግዲህ በዚያ ሰሞን አንድ የኦሃዮ ወይም የለንደን ልጅ አፍሪካን የሚያይበት ሁለት መስኮት ነበረው። በዜናው በኩል ሬሳ፣ በሲኒማው በኩል አንበሳ። ሥራ ሂዶ የሚመጣ፣ ልጁን ለትምህርት ቤት የሚያለባብስ፣ የሚቀልድ አፍሪካዊ በየትኛውም መስኮት አይታይም።

ፊልሙ በሩዋንዳ ተጠያቂ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ማለት ሞኝነት ነው። የምለው ይሄን ያህል ነው፦ ሰውን በእንስሳ ስም መጥራት ምን እንደሚያስከትል ዓለም ባየበት ወር፣ እንስሳን በሰው ድምፅ ያናገረ ፊልም ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወደሚያስገባ ጉዞው ገባ። ድምፁን ለማን እንዳከፋፈለው መመርመር ታዲያ መንቻካነት አይደለም።

ዓይንን ጨፍኖ መስማት

እስቲ ፊልሙን ከፍታችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ።

ሙፋሳ ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። ሳራቢ ጃማይካ የተወለደችው ማጅ ሲንክሌር ናት። ሁለቱ በ1988 በወጣው «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ላይ ዛሙንዳ የምትባል የምናብ አፍሪካዊት አገር ንጉሥና ንግሥት ሆነው ተጫውተዋል። አንድ አሜሪካዊ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ እነዚህን ድምፆች ሲሰማ፣ የጥቁር ንጉሥና ንግሥት ቤት እንደገባ ጆሮው ያውቃል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጁን በከዋክብት ስር አስቀምጦ ስለ ሞት የሚያስተምር አባት፣ ክብሩ በድምፁ የሚታወቅ ጥቁር አባት፣ በዚያን ጊዜ በሆሊውድ የልጆች ፊልም ውስጥ ብርቅ ነበር።

ወራሹ ላይ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደቦሉ ሲምባ ሲያወራ ጆናታን ቴይለር ቶማስ የተባለ ነጭ ልጅ ነው፤ ሲዘፍን ጄሰን ዊቨር የተባለ ጥቁር ልጅ ነው። ደቦሏ ናላ ጥቁር ልጅ ናት፣ ኒኬታ ካሌም። ሁለቱ ሲያድጉስ? ሲምባ ማቲው ብሮደሪክ ይሆናል፣ ናላ ሞይራ ኬሊ ትሆናለች፤ ሁለቱም ነጮች። የጥቁር ንጉሥና ንግሥት ቤት ልጆች አድገው ዙፋን ሲረከቡ ድምፃቸው ነጣ። ይህን ማንም ስብሰባ ተቀምጦ «እንዲህ እናድርግ» ብሎ የወሰነው አይመስለኝም። የባሰውም ይሄው ነው፤ ሳይታሰብበት የመጣ ነገር የቤቱን ልማድ ያሳያል።

ከዚያ ራፊኪ አለ፤ ድምፁ የሮበርት ጊዮም ነው። በመላው ፊልም ውስጥ በግልጽ «አፍሪካዊ» የተባለ ቅላጼ የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። አፍሪካ ምድር ላይ ተቀምጠን የአፍሪካ ቅላጼ ያለው አንድ ፍጡር ብቻ ነው፤ እሱም ዛፍ ላይ የሚኖር፣ በእንቆቅልሽ የሚያወራ፣ ሰው በዱላ አናቱን የሚመታ ጠንቋይ ዝንጀሮ። ጊዮም ግሩም አድርጎ ተጫውቶታል፤ ራፊኪን የማይወድ ሰው አላጋጠመኝም። ቢሆንም ከአጎራባች ድምፆች ጋር ስታስቀምጡት መልእክቱ ግልጽ ነው። አሜሪካዊ ቅላጼ የጀግና ነው፣ የጄረሚ አየርንስ የእንግሊዝ ቅላጼ የሴረኛ አጎት ነው፣ የአፍሪካ ቅላጼ የምትሐት ነው።

የቀሩት ጅቦቹ ናቸው።

ሸንዚ የተባለችው

ከብርሃኑ ምድር ድንበር ማዶ፣ ጥላው ከማይነሳበት የዝሆኖች መቃብር፣ ጅቦች ይኖራሉ። ሙፋሳ ለልጁ ግዛቱን ሲያሳየው ፀሐይ የነካችው ሁሉ የእኛ ነው፣ እዚያ ጥላው ያለበት ግን አትሂድ ይለዋል። ለምን? መልሱ በፊልሙ ውስጥ በቅጡ አይሰጥም። ጅቦች እዚያ ስላሉ ነው። ጅቦችስ ለምን እዚያ ሆኑ? ጅብ ስለሆኑ።

የሦስቱን ዋና ጅቦች ድምፅ ስሙ። ሸንዚ ሁፒ ጎልድበርግ ናት። ባንዛይ ቺች ማሪን ነው፣ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ኮሜዲያን። ሦስተኛው ኤድ ቃል አያወጣም፤ ምላሱን አውጥቶ ይስቃል። ፊልሙ እንደወጣ አሜሪካ ውስጥ ወዲያው ቅሬታ የተነሳው እዚህ ላይ ነበር። አነጋገራቸው፣ ቀልዳቸው፣ ሰፈራቸው የድሃ ጥቁሮችንና የላቲኖችን የከተማ ሰፈር ያስታውሳል፤ አባት ደግሞ ልጁን «ወደዚያ ሰፈር እንዳትሄድ» ይለዋል።

ስሙ ደግሞ አለ። በፊልሙ ውስጥ ብዙ ስሞች የስዋሂሊ ናቸው። ሲምባ አንበሳ ማለት ነው፣ ራፊኪ ጓደኛ፣ ፑምባ ጅል እንደማለት። ሸንዚስ? «ያልሠለጠነ፣ አረመኔ» ማለት ነው። ቃሉ ታሪክ አለው። በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ሰዎች የመሐል አገሩን ሕዝብ «ዋሸንዚ» ይሉት ነበር፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ደግሞ ነጭ ሰፋሪዎች ስድቡን ተቀብለው አፍሪካውያንን ሰደቡበት። ኬንያዊ ተመልካች ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት። የፊልሙ ሠሪዎች ከመዝገበ ቃላት ውስጥ የመረጡትን የቅኝ ገዢ ስድብ ለአንዲት ጥቁር ተዋናይት ገጸ ባሕርይ ስም አድርገው ሰጡ፤ አብዛኛው ዓለምም ቆንጆ የአፍሪካ ስም መሰለው።

ታሪኩ ሲቀጥል ይብሳል። ስካር ሥልጣን ለመያዝ ጅቦቹን «አትራቡም» ብሎ ያደራጃቸዋል። ሰልፋቸው የናዚ ሰልፍ ተመስሎ ተስሏል። ከዚያ ድንበሩ ተከፍቶ ይገባሉ፤ ሲገቡ ድርቅ ይመጣል። ሣሩ ይደርቃል፣ መንጋው ይሰደዳል። ሲምባ ተመልሶ ሲያባርራቸው ዝናብ ይዘንባል። ሥርዓቱ በተፈጥሮ የጸደቀ ነው፦ ሁሉም በቦታው ሲሆን ሰማዩ ይታረቃል፣ ከማዶ ያሉት ሲገቡ ምድሩ ይረገማል። አፓርታይድ በሕግ ባበቃበት ዓመት እንዲህ ያለ ተረት መናገር የሚያስደነግጥ ነገር አለው። ረሃብ ለሚያውቅ አገር ሰው ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። ድርቅን ለማስታወስ ዕድሜያችሁ ባይደርስ እንኳ ቤተሰባችሁ ውስጥ የሚያስታውስ አለ፤ ረሃብን የሚያመጣው የተራበው መግባቱ እንዳልሆነ ያውቃል።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ልጨምር። ሠዓሊዎቹ ጅብ ለመሳል በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያረባቸው የነበሩትን ጅቦች ሄደው አይተዋል፤ ተመራማሪዎቹም እንስሳቱ በመልካም እንዲሳሉ ተስፋ አድርገው ነበር። ተስፋቸው መሠረት ነበረው። ዥጉርጉር ጅብ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ ነው የሚበላው፤ ብዙ ጊዜ ዘራፊው አንበሳ፣ ተዘራፊው ጅብ ነው። መንጋውን የምትመራውም ሴቷ ናት። ሸንዚ መሪ መሆኗ ትክክል ነው ማለት ነው። ይህ ግን ከእውቀት የመጣ አይመስልም፤ የመጀመሪያው ሐሳብ ሁለቱን ጅቦች ለቺችና ለጓደኛው ለቾንግ መስጠት ነበር፤ ቾንግ ሳይገኝ ሲቀር ነው ሁፒ የገባችው።

የእኛው ጅብ

እስካሁን ያልኩት በእንግሊዝኛ በብዙ መልኩ ተብሏል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚህ ወዲያ ያለው ነው፤ እኛ ይህን ፊልም ስናይ ጅቡ ላይ ያለንን ነገር ይዘን ነው የምናየው።

በተረታችን ጅብ «አያ ጅቦ» ነው። ይህች «አያ» ቀላል አይደለችም፤ ታላቅ ወንድም የሚጠራበት ነው። ጦጣዋ ብልጥ ናት፣ «እመት» ትባላለች፤ ጅቡ ሆዳምና ተላላ ነው፣ ግን «አያ» ይባላል። ይሳቅበታል፣ ይታለላል፣ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። ሆኖም የሰፈሩ ሰው ነው። ድንበር ማዶ አይደለም። ሐረር ደግሞ ከዚህም አልፋ ሄዳለች፤ በግንቧ ላይ ጅብ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ፣ በዓሹራ ዕለት ገንፎ ይቀርብለታል፣ ማታ ማታ በስሙ እየጠራ ሥጋ የሚያጎርሰው ሰው አለ። ዓለም ከጅብ ጋር ለመኖር የሚያስችል ሌላ ሐሳብ ከፈለገ እዚያ አለለት።

ተረቶቻችን ስለ አንበሳውም ቢሆን እንደ ዲዝኒ የዋህ አይደሉም። አራዊት ተሰብስበው ኃጢአታቸውን ሲናዘዙ የሚናገረውን ተረት ታውቁታላችሁ። አንበሳው በሬ በላሁ ይላል፤ ይሄማ ኃጢአት አይደለም ይሉታል። ነብሩ ፍየል በላሁ ይላል፤ ምን ችግር አለው ይሉታል። ጅቡም እንዲሁ። በመጨረሻ አህያ፣ ጌታዬ ቆሞ ሲያወራ ትንሽ ሣር ቀነጠብኩ ትላለች፤ የመከራችን ሁሉ ምክንያት አንቺ ነሽ ብለው ይበሏታል። እዚህ ተረት ውስጥ የንጉሡ ፍርድ ከታች፣ ከአህያዋ በኩል ነው የሚታየው። ሲምባ ሲወለድ ሜዳ አህዮችና ድኩላዎች ለሚበላቸው ደቦል ይሰግዳሉ። በእኛ ተረት ግን አህያዋ የምትሰግደው ለምን እንደሆነ ታውቃለች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ብንቆም ደስ ይል ነበር፤ ዲዝኒ መጥፎ፣ ተረታችን ጥሩ ብለን እንለያይ ነበር። ግን ቡዳ የሚባል ነገር አለ።

ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ በብዙ አገር ሸማኔውም፣ ለትውልዶች «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል። ቡዳ ቀን ሰው ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ማረሻውን የሚሠራልህ፣ ድስቱንና ምጣዱን የምትሠራልህ ሰው ማታ ጅብ ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት አይጋቡትም፣ ልጅ ያሸሹበታል፣ መሬት አይሰጡትም፣ ከመንደሩ ዳር ያሰፍሩታል። ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤሎች ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ ይሄው ስም ተለጥፎባቸው ኖረ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ የጭቃ ምስሎችና ሸክላዎች ዛሬም ይሸጣሉ፤ ሠሪዎቹ ግን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል።

አሁን ፊልሙን መልሱት። ከድንበሩ ማዶ የሚኖር፣ መሬት የሌለው፣ ሲገባ መቅሰፍት የሚያመጣ፣ በሰው ድምፅ የሚያወራ ጅብ። ይህ ምስል ከካሊፎርኒያ አልመጣብንም። ካሊፎርኒያ በድምፅ የሠራውን እኛ በስም ሠርተነዋል። ለዚህ ይመስለኛል ብዙዎቻችን የጅቦቹን ነገር ስናይ ምንም ያልጎረበጠን፤ የማይጎረብጠው ቀድሞ ስለምናውቀው ነው። ዐፄ ምኒልክ እንኳ በዘመናቸው ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ማውጣት ግድ ብሏቸው ነበር። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ዛሬም ይሰማል።

ስለዚህ የአፍሪካ ውክልና በሆሊውድ ስንል፣ አፍሪካ አንድ ወገን፣ ሆሊውድ ሌላ ወገን የሆኑበት ቀላል ሒሳብ አይሠራም። የሸክላ ሠሪ ልጅ ይህን ፊልም ቢያይ የሚሰማውና የመኳንንት ልጅ ቢያይ የሚሰማው አንድ አይደለም። ሁለቱም አፍሪካውያን ናቸው፣ ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው። አንዱ ራሱን ሲምባ ያደርጋል። ሌላውን ራሱን ምን እንደሚያደርግ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ጥቁሩ ጎፈር

ስለ አንበሳው ስናወራ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሙፋሳና ሲምባ ቀላ ያለ ጎፈር አላቸው፤ ስካር ጥቁር ጎፈር አለው። ቆዳውም ከወንድሙ የጠቆረ ነው። ክፋት ሲጠቁር አዲስ ነገር አይደለም፤ ልጆች ማን ክፉ እንደሆነ በፍጥነት እንዲለዩ የሚደረግ የቆየ ዘዴ ነው።

ግን ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳ እኮ የእኛው ነው። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄዳችሁ ከሆነ አይታችኋል፤ ጎፈሩ ከራሱ አልፎ እስከ ደረቱና ሆዱ የሚወርድ፣ ጥቁር። በ2012 የታተመ የዘረ መል ጥናት እነዚህ የአዲስ አበባ አንበሶች ከተነጻጸሩባቸው ሌሎች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። በጥንት ዘመን ጀግና በራሱ ላይ የሚደፋው ጎፈር፣ በሞዓ አንበሳ ምልክት ላይ የሚታሰበው አንበሳ፣ ከሙፋሳ ይልቅ ስካርን ይመስላል። ይህን ለልጅ ማሳየት ቀላል ነው፣ ወጪውም የአንበሳ ግቢ መግቢያ ነው። በፊልም ክፉ የተባለውን መልክ በአካል ሲያየው ክብር ለብሶ ያገኘዋል። ልጅ ደግሞ ፊልም ሠሪዎቹ አንበሳውን እንደፈለጉ ቀለም እንደቀቡት ሲገባው፣ ሰውንም እንደሚቀቡ ለመረዳት ሩቅ አይሆንበትም።

ሙዚቃው የማን ነው?

«የልጆች ፊልም ነው፣ ተዉን» ለሚለው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ አላባክንም፤ ልጅ ያየውን ያምናል፣ መልሱ ይሄው ነው። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ፊልሙን ሰምቶ እንዴት አፍሪካ የለችበትም ትላለህ የሚለው።

እውነት ነው፣ አለችበት። የመጀመሪያው ፀሐይ ስትወጣ የሚሰማው ጥሪ በዙሉ ቋንቋ ነው፤ ድምፁ የሌቦ ኤም። ሌቦ ኤም የሶዌቶ ልጅ ነው፣ በአፓርታይድ ዘመን ከአገሩ ወጥቶ አሜሪካ በስደት የኖረ። በጥሪው ውስጥ ያለው «ኢንጎንያማ» በዙሉ አንበሳ ማለት ነው፤ የዙሉ ንጉሥም የሚጠራበት ስም ነው። አንበሳና ንጉሥን በአንድ ቃል መጥራት ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከአገሩ የተሰደደ ልጅ አድጎ የሚመለስበትን ታሪክ፣ ከአገሩ የተሰደደ ሰው፣ አገሩ ነፃ በወጣችበት ዓመት ዘፈነለት። ፊልሙ ውስጥ ከሥዕሉ በላይ እውነት ያለበት ቦታ ይሄ ነው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያደገ አበሻ ሲምባ ሲመለስ ለምን እንደሚያለቅስ እኔ አላስረዳም።

ግን እዚሁ ሙዚቃ ውስጥ ሌላኛውም ታሪክ አለ። ቲሞንና ፑምባ ጫካ ውስጥ ሲሄዱ የሚያንጎራጉሩት አንበሳው ተኝቷል የሚለው ዘፈን መነሻው «ምቡቤ» ነው። ሰሎሞን ሊንዳ የተባለ ዙሉ ዘፋኝ በ1939 ጆሐንስበርግ ቀረጸው፤ መብቱን የሸጠው በ10 ሽልንግ ነው። ዜማው አሜሪካ ሄዶ ስም ቀይሮ ዓለምን ዞረ፤ ሊንዳ በ1962 በድህነት ሞተ። ቤተሰቡ በ2004 ዲዝኒን ከሰሰ፤ በ2006 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። «ሃኩና ማታታ» የሚለውን ተራ የስዋሂሊ አነጋገርም ዲዝኒ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦታል፤ ማመልከቻውን ያስገባው ፊልሙ በወጣበት ዓመት ነው።

አፍሪካ ፊልሙ ውስጥ አለች ማለት ነው። አየሩ፣ ዜማው፣ ቃሉ፣ ቀለሙ የእሷ ነው። የሌለው ባለቤቱ ነው። ውክልና የሚለውን ቃል ስንጠቀም ከዚህ ብንጀምር ይሻላል። በአማርኛ ውክልና የሰጠ ሰው ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት አለው፣ ሲፈልግም ይሽራል። መልኩን ብቻ ወስዶ የሄደ ወኪል አይባልም።

ድምፁ ሲቀየር

በ1997 ብሮድዌይ ላይ የወጣው ቲያትር አንድ ነገር አስተካከለ። አዘጋጇ ጁሊ ቴይሞር ጭምብሉን ከተዋናዩ ፊት ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ተመልካቹ አንበሳውንና ሰውየውን እኩል ያያል። ራፊኪም ሴት ሆነች። በፊልሙ የተደበቁት ሰዎች በመድረኩ ላይ ብዙ ጥቁር ተዋንያንና የደቡብ አፍሪካ ዘፋኞች ሆነው ወጡ። ታሪኩ ያው ነው፤ ግን ባዶው መሬት ሰው አገኘ።

የ2019ኙ ፊልም በሌላ መንገድ ሞከረ። ሲምባ ዶናልድ ግሎቨር፣ ናላ ቢዮንሴ፣ ስካር ቹዌቴል ኤጂዮፎር፣ ሸንዚ ደግሞ ኡጋንዳ የተወለደችው ፍሎረንስ ካሱምባ። የናዚው ሰልፍ ቀረ፤ የባንዛይና የኤድ ስም ተቀየረ። በቁጥር ከሄድን ችግሩ ተፈቷል። ፊልሙ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ድንበሩ ግን እዚያው ነው። ጅቦቹ ከማዶ ናቸው፣ ሲገቡ ምድሩ ይደርቃል፣ ሲባረሩ ይለመልማል። የሸንዚም ስም አልተለወጠም። አብዛኛው ጥቁር ሲሆን የዘር ጉዳዩ ቀነሰ እንበል፤ አንዳንዶች ለመግዛት ሌሎች ለመገፋት ይወለዳሉ የሚለው አልቀነሰም። ወራሽነቱ በደም ነው፣ መገፋቱም በደም ነው። የቡዳው ነገር ያስተማረን ይሄንኑ ነው፤ በአንድ ቆዳ፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ሃይማኖት ውስጥ እንኳ ድንበሩ ሊሰመር ይችላል።

ይህን የምለው ዛሬ እዚህም አኒሜሽን እየተሠራ ስለሆነ ነው። ፀሐይ የምትባለው አሻንጉሊት ቀጭኔ በአማርኛ ለልጆች ስታስተምር ብዙዎቻችሁ አይታችኋታል። «ጥበብ ገርልስ» ሦስት ኢትዮጵያውያት ልጃገረዶችን ጀግና አድርጎ አምጥቷል። ሌሎችም ይመጣሉ፤ ስልክ ላይ የሚስል፣ በቴሌግራም የሚለቅ ወጣት ብዙ ነው። የእኛ ሰው የሚታይበት ፊልም እናገኛለን፣ እሱ ጊዜ ነው የሚፈልገው። ጥያቄው በዚያ ፊልም ውስጥ ጅቡን ማን ያደርገዋል ነው። የገጠር ቅላጼ ያለው ሠራተኛ? በሌላ ቋንቋ አፍ የፈታ አማርኛ ተናጋሪ? የቀጥቃጭ ልጅ? በአማርኛ ኮሜዲ ላይ ማን በምን ቅላጼ እንደሚሳቅበት የሚከታተል ሰው ይህ ሥጋት ባዶ እንዳልሆነ ያውቃል።

«ዘ ላየን ኪንግ»ን ከልጆች ጋር ማየት አይከፋም። እኔም ለእህቴ ልጆች አሳይቻቸዋለሁ። ሲያልቅ ትንሹ፣ አምስት ዓመቱ ነው፣ «ጅቦቹ አሁን ምን ይበላሉ?» ብሎ ጠየቀ። ፊልሙ መልስ የለውም፤ ዝናብ ዘንቦ አዲስ ደቦል ተወልዷል፣ እነሱ ተረስተዋል። ቢሆንም ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነው፤ ልጅ ሁሉ ቢጠይቀው፣ ፊልም የሚጽፍም ሰው ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ቢጠይቀው ደስ ይለኛል።